ይቅርታና አፉታ

እናቴ ያለ «አፉ በሉኝ» ውላ አታውቅም። የሰው እግር ስትረግጥ፣ የተዋሰችውን ወንፊት አንድ ቀን አሳድራ ስትመልስ፣ በሰው ጨዋታ መሀል ስትገባ «አፉ በሉኝ» ትላለች። ጾም የማታጎድል፣ የማርያም ማኅበርተኛ ክርስቲያን ናት። ቃሉ ከእስላም ጎረቤቶቻችን ይምጣ ከሌላ ቦታ አስባው አታውቅም። በሰፈራችን ማንም አያስበውም። አንዱ «ይቅር በለኝ» ይላል፣ ሌላው «አፉ በለኝ» ይላል፣ ሁለቱም ይታረቃሉ።

እኔም እንደዚያው ነበርኩ። መካነ ሰላም ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ መምህር «አፉታ ምን ማለት ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ «ይቅርታ ማለት ነው» ብዬ አልፈው ነበር። ሁለቱ እኩል እንዳልሆኑ ያወቅሁት አርባን ካለፍኩ በኋላ፣ እናቴ በሠራችው አንድ ጥፋት የተነሳ ነው። የእሷ ብቻ ማለቴም ልክ አይደለም፤ የኔም እጅ አለበት።

ነገሩ የሆነው አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ ነው። ቤታችን ከመካነ ሰላም ትንሽ ወጣ ብሎ ነበር። አጥር ብቻ የሚለየን ጎረቤታችን የሸኽ ልጅ፣ የሸኽ ሚስት የነበሩ ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ለሰፈሩ ሴቶች ልጆች ቁርኣን የሚያስቀሩት እሳቸው ሆኑ። እኔ እትዬ እላቸዋለሁ። አንዲት ልጅ አለቻቸው። እሷና እኔ በአንድ ዓመት ተወልደን፣ በአንድ ጓሮ ተጫውተን፣ በአንድ ክፍል ተምረን ያደግን ጓደኛሞች ነን። እናቴን «እማየ» ነበር የምትላት፣ እንደኔው።

ያን ዓመት ከከላላ አንድ የታወቀ ቤተሰብ ለጓደኛዬ ሽማግሌ ላከ። እትዬ እሺ አሉ፤ ኒካው ከአዝመራ በኋላ እንዲታሰር ተቀጠረ። እንደ አገሩ ልማድ የወንዱ ወገን ስለ ልጅቱ ጎረቤት ሳይጠይቅ አይጨርስም። ዘመድ የሚደብቀውን ጎረቤት አይደብቅም ይባላል። ስለዚህ በገበያ ቀን ሁለት ሴቶች ከከላላ መጥተው እኛ ቤት ገቡ። እናቴ ወንበር አቀረበችላቸው፣ እኔ ብርዝ ቀዳሁላቸው።

«ልጅቱን ከሕፃንነቷ ታውቂያታለሽ አሉን» አለች ትልቋ ሴትዮ።

«እንደ ልጄ ነው የማውቃት» አለች እናቴ። «ሥራ ትወዳለች፣ ሰው ታከብራለች፣ ትምህርቷንም ጨርሳለች።»

«ጠባይዋስ?»

«እንከን የላትም።»

«መቼስ አንቺም እናት ነሽ፣ እኛም እናቶች ነን። ምንም የለም? ትንሽም ብትሆን?»

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ነካካች። ከዚያ፣ «ምንም የለም። ብቻ በልጅነቷ አንዴ ምንጭ ላይ ወድቃ ነበር» አለች።

«ወድቃ? እንዴት ወድቃ?»

«ወደቀች፣ ተንቀጠቀጠች። ከዚያ ወዲህ ግን ደህና ናት።»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም። ብርዛቸውን ጨርሰው፣ መርቀው ወጡ።

ምንጩ ላይ የሆነውን እኔ አውቃለሁ፤ አብሬያት ነበርኩ። አስራ አንድ ዓመታችን ነበር። ዓባይ በረሃ አጠገብ ከምትኖር አክስቷ ዘንድ ሰንብታ ከመጣች ሁለት ሳምንት አልሞላትም። እንስራዋን ልትሞላ ጎንበስ እንዳለች ወደቀች፤ ሰውነቷ እንደ እሳት ይፋጅ ነበር። ጮህኩ። ሮጣ የደረሰችው እናቴ ናት። አዝላ ጤና ጣቢያ ያደረሰቻት፣ «ወባ ነው» ሲሏት ኪኒኑን ተቀብላ ሦስት ቀን በእጇ ያዋጠቻት እናቴ ናት። ለከላላዎቹ ሴቶች፣ የሚጥል በሽታ እንዳይመስላቸው፣ አንዲት ቃል ብትጨምር ይበቃ ነበር፤ «ወባ» ብትል። አልጨመረችም። እኔም ማንቆርቆሪያውን ይዤ በራፉ ላይ ቆሜ ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ትልቅ ሰው ሲያወራ ልጅ አይገባም ብዬ ዝም አልኩ። ያን ጊዜ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ይህ ነው።

በሳምንቱ ከከላላ መልእክት መጣ። «ኒካው ይቅር» የሚል ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ አልተነገረም። እትዬ ሽማግሌዎቹን ሁለት ጊዜ ልከው ጠየቁ፤ ከ«አላህ ያላለው ነው» ሌላ መልስ አላገኙም። ጓደኛዬ ከቤት መውጣት ተወች። በሰፈሩ ሹክሹክታ ተነሳ፤ «አንድ ነገር ቢኖርባት ነው» ተባለ። በዓመቱ ፓስፖርት አውጥታ ዐረብ አገር ሄደች። መናኸሪያ ድረስ የሸኘኋት እኔ ነኝ። ሻንጣዋን አንድ ጆሮውን እሷ፣ አንድ ጆሮውን እኔ ይዘን ሄድን። መኪናው እስኪነሳ ድረስ ስለ አየር ጠባዩ ስናወራ ነበር።

ዓመታት አለፉ። ተመልሳ አቀስታ ላይ አገባች፤ ጥሩ ባል ነው፣ ሦስት ልጆች ወለዱ። መናኸሪያው አጠገብ የስፌት መኪና ይዛ ትሠራለች። በበዓል ደውዬ «እንኳን አደረሰሽ» ስላት ትመልሳለች፤ ግን ከሰላምታ አልፋ አታወራኝም። ኑሮ ነው፣ ርቀት ነው እያልኩ ተቀበልኩት። ከእናቴ ጋር ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አንስተን አናውቅም።

ያነሳችው እናቴ ናት፤ ባለፈው ዓመት። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፣ እሷም ጉልበቷ እየደከመ ነው። ለመቁረብ አሰበችና ለነፍስ አባቷ ንስሐ ገባች። ቄሱ የዕድሜ ልኳን ሰምተው ቀኖና ሊሰጧት ሲሉ ይህን ነገር ጨመረችላቸው። እሳቸውም «ይኸንን እኔ ዘንድ አታምጪው። መጀመሪያ የበደልሻትን ሂደሽ ታረቂ፣ ከዚያ ተመለሺ» ብለው ሰደዷት።

ቅዳሜ ከሰዓት ደውላ ጠራችኝ። «እትዬ ቤት አድርሽኝ» አለች። አሥር እርምጃ ለማይሆን መንገድ ምን አድራሽ እንደሚያስፈልጋት አልገባኝም ነበር።

እትዬ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። እናቴ ቆማ፣ «እታለም፣ አፉ በይኝ ልልሽ ነው የመጣሁት» አለቻቸው።

እትዬ ሳቁ። «ዛሬ ደሞ ምኔን ሰበርሽ?»

እናቴ አልሳቀችም። «የከላላዎቹ ጊዜ፣ ሴቶቹ መጥተው ጠይቀውኝ ነበር። ምንጭ ላይ ወድቃ ነበር ብዬ ነገርኳቸው። ወባ ነው አላልኳቸውም።»

የእትዬ እጅ ምስሩ ላይ ቆመ።

«አዝለሽ የወሰድሻት አንቺ ነሽ እኮ» አሉ በመጨረሻ።

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን?»

«ደጋግመው ጠየቁኝ። ባዶ እጃቸውን ልሸኛቸው አፈርኩ መሰለኝ። ሌላው የማያውቀውን የማውቅ ሆኜ ልታይ ፈለግሁ መሰለኝ። ደግሞ የኔይቱን ገና ማንም አልጠየቃትም ነበር። የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቀውም።»

የኔይቱ ያለችው እኔን ነው። መሬት መሬት አየሁ።

እትዬ ሰፌዱን ወደ ጎን አደረጉና፣ «ዛሬ ሂጂልኝ» አሉ። ቁጣ የለበትም፤ ድምፃቸው የደከመ ሰው ድምፅ ነው። ሄድን።

አራት ቀን ሙሉ በአጥሩ በኩል ድምፃቸው አልተሰማም። በአምስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ውዬ እናቴን ልጠይቅ ስመጣ እትዬ እኛ ቤት ተቀምጠው አገኘኋቸው። እናቴ ፊት ለፊታቸው አጎንብሳለች።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አሉ እትዬ። እናቴ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል ያዟት።

«አፉ በይኝ እንጂ፣ እታለም።»

«እሱን አልችልም።»

እናቴ ግራ ገብቷት ቀና አለች። «ይቅር ብለሽኝ የለ?»

«ይቅር ያልኩሽ የራሴን ነው» አሉ። «እናቷ ነኝ፤ ያን ዓመት ያነባሁት እንባ የኔ ነው፤ እሱን ትቼልሻለሁ። አልይዝሽም፤ ነገ ከአላህ ፊት ስንቆምም አላነሳብሽም። አፉ ማለት ግን ሌላ ነው። አፉ ያሉት ነገር ይጠፋል። ቁርኣን የማስቀራቸው ልጆች የሚጽፉበትን እንጨት ሲያጥቡት አይተሽ የለ? የትናንቱ ፊደል የለም። የሷን እኔ እንዴት አድርጌ አጥብላታለሁ? ሐቁ የሷ ነው። ከሷ ሄደሽ ጠይቂ።»

ያን ቀን ወደ ከተማ ስመለስ ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ያስረባሁትን ግስ በልቤ ደገምኩት። ቀረ፣ ይቀራል፣ ይቅር። የቀረ ነገር አልጠፋም፤ ትተውት ስለሄዱ ነው የቀረው፤ ተመልሶ የሄደ ሰው ካለበት ያገኘዋል። ከላላዎቹም ያሉት «ኒካው ይቅር» ነበር። ይህን ያህል ዓመት አስተምሬ ቃሉን ከውስጡ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከእናቴ ጋር በጠዋቱ ሚኒባስ ወደ አቀስታ ሄድን። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ እናቴ ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናነበች። በመንገዱ ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተናገረችው፤ «ባትቀበለኝስ?» አለች። «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አልኳት።

ጓደኛዬ ስታየን ከስፌት መኪናዋ ተነሳች። እናቴን ጉንጭ ለጉንጭ ደጋግማ ሳመቻት፣ እኔን ጨበጠችኝ። ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ቤቷ አስገባችን። እናቴ አልቀመጥም አለች።

«መጀመሪያ ይቀመጡ፣ እማየ። የመጡበትን ቁጭ ብለው ይነግሩኛል» አለቻት። እጇን ይዛ አስቀመጠቻት።

እናቴ ለእትዬ የነገረችውን ሁሉ ነገረቻት። ጓደኛዬ አቋርጣ አልጠየቀችም። ሲያልቅ፣ «እኔ እኮ አውቀዋለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ወድቃ ነበር ተብሎ ኒካው እንደቀረ። ሪያድ እያለሁ ከከላላ የመጣች ልጅ ነገረችኝ፤ ሊያገባኝ የነበረው ልጅ ዘመድ ናት። ማን እንደተናገረ አታውቅም። እኔ ግን አሰብኩ። ስወድቅ ያዩኝ ሁለት ሰዎች ናቸው፣ እርስዎና እሷ።» በአገጯ ወደኔ አመለከተች። «እርስዎ አዝለውኛል። ስለዚህ እሷ ናት አልኩ።»

ሃያ ዓመት ሙሉ የቀዘቀዘችብኝ ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። እናቴ ፊቷን ሸፈነች። እኔ ግን ነጻ ወጣሁ ብዬ ደስ አላለኝም።

«አልተናገርኩም» አልኩ። «ግን ነበርኩ። ብርዝ እየቀዳሁ ነበር። ሁሉንም ሰማሁ፣ ወባ ነው ማለት እችል ነበር። ዝም አልኩ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ስትቆጣ አይቻት አላውቅም፤ ያን ቀንም አልተቆጣችም። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረች።

«እማየ፣ ልቤ እርስዎን ከጠላ ውሸት ነው። ግን አፉ እንድልዎት አንድ ነገር ይሁንልኝ። ትልቋ ልጄ አስራ አራት ሊሞላት ነው። ነገ እሷንም ሰው ይጠይቃታል። ጠያቂው የት ይሄዳል? ከእናቷ ሰፈር። እዚያ ደግሞ ‹እናቷ ትወድቅ ነበር› የሚል አይጠፋም። እኔ እዚህ ሆኜ አፉ ብልዎት ወሬው እዚያ ቁጭ ብሏል። እዚያው ያንሱልኝ። ሰው በተሰበሰበበት ወባ ነበር ይበሉልኝ። ያን ቀን አፉ እልዎታለሁ።»

«እላለሁ» አለች እናቴ ወዲያው። «ለሰፈሩ ሁሉ እላለሁ።»

ልጆቿ ከቁርኣን ትምህርት መጡ፣ ምሳ ቀረበ፤ ጊዜው ጾም ነበርና የጾም ነው፣ አስባበት ነው የሠራችው። ስንመለስ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችን። እናቴ ሚኒባሱ ውስጥ ከገባች በኋላ እኔ ውጭ ቀረሁ።

«እኔስ?» አልኳት።

ነጠላዋን ከነፋሱ ጋር እየታገለች አስተካከለች። «የእማየ የአንድ ቀን ጥፋት ነው» አለች። «አንቺ ሻንጣዬን ይዘሽ ሸኝተሽኛል። በየዓመቱ እየደወልሽ እንኳን አደረሰሽ ብለሽኛል። ያን ሁሉ ጊዜ ታውቂ ነበር።» ከዚያ እጄን ያዝ አደረገች። «ይቅር ብዬሻለሁ። ከዚያ ያለፈውን አሁን አትጠይቂኝ።»

ረዳቱ ጮኸ፣ ገባሁ።

ሰፈራችን ውስጥ ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድ ላይ የያዘው ቅሬ አለ፤ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው፣ ቀብር የሚያወጣው እሱ ነው። በወሩ መጀመሪያ እሑድ ጠዋት ሜዳው ላይ ይሰበሰባል። እናቴ የቅሬውን ዳኛ አስቀድማ አስፈቅዳ ነበር። የቅሬው ጉዳይ ሲያልቅ፣ «አንዲት እናት የምትናገረው አላት» አሉ።

በትሯን ተደግፋ ተነሳች። እንዲህ በሰው ፊት ቆማ ተናግራ አታውቅም፤ ድምፅዋ መጀመሪያ አልወጣም። «ጮክ በይ» አላት ከኋላ አንድ ሰው። ጮክ አለች። የጎረቤቷን ልጅ ስም ጠርታ፣ ያን ዓመት ከከላላ ሴቶች እንደመጡባት፣ ምን እንዳለቻቸው፣ ምን እንዳላለቻቸው ነገረች። «ልጅቱ የወደቀችው በወባ ነው። አዝዬ የወሰድኳት እኔ ነኝ፣ ኪኒኗን የሰጠኋት እኔ ነኝ። አውቄ ዝም አልኩ። ከዚህ በኋላ ትወድቅ ነበር የሚል ሰው ቢኖር የኔን ጥፋት እየደገመ ነው» አለች።

እሷ ሳትቀመጥ እኔም ተነሳሁ። ማንም አላዘዘኝም። «ሲባል እኔም ነበርኩ፤ አውቄ ዝም አልኩ» ብዬ ተቀመጥኩ። ተማሪዎቼ የነበሩ ወጣቶች ከሰዎቹ መሀል ነበሩ።

አንዲት አሮጊት «ይኸን ሁሉ ዘመን?» ስትል ተሰማች። የሆነ ሰው ምላሱን ጠጠጠ አደረገ። ያኔ እትዬ ከሴቶቹ መሀል ተነስተው መጡና እናቴን ክንዷን ይዘው፣ «ነይ፣ እንሂድ» አሏት። ሁለቱ ተያይዘው ሜዳውን አቋረጡ።

እትዬ ቤት እንደደረስን አቀስታ ደወልን። እትዬ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገው ምስሩ የሚለቀምበት ሰፌድ ላይ አስቀመጡት።

«ወባ ነበር አለች» አሉ ለልጃቸው። «ሰው ሁሉ እያለ አለች። በጆሮዬ ሰማሁ።»

ከወዲያኛው በኩል የስፌት መኪናው ሲቆም ተሰማ። «እማየ?»

«አቤት ልጄ።»

«አፉ ብዬዎታለሁ። ለዱንያም ለአኼራም አፉ ብዬዎታለሁ። በቃ፣ የለም።»

እናቴ ወደ ሰፌዱ ጎንበስ አለች። እትዬ ናቸው «አሚን» ያሉላት። ትንሽ ቆይታ ጓደኛዬ፣ «እሷ አለች?» አለች። «አለሁ» አልኩ። «እማየን ሻይ አፍዪላት» አለችና ዘጋችው።

እናቴ በሳምንቱ ቄሱ ዘንድ ተመለሰች፤ ቀኖናዋን ፈጽማ ቆረበች። ሁሉም ነገር ግን አልተስተካከለም። አንዳንድ ሴቶች እሷ ባለችበት የልጆቻቸውን ወሬ ማውራት ተዉ። ሽማግሌ የሚልክ ሰውም እኛ ቤት ጎራ ብሎ አይጠይቅም። መጀመሪያ ከፍቷት ነበር፤ አሁን ግን «ተገላገልኩ» ትላለች። እትዬ በአጥሩ በኩል መጥራት ከጀመሩ ቆይተዋል። እንደ ድሮው ወንፊት ይዋዋሳሉ። «አፉ በይኝ»ን ግን እናቴ ለወንፊት አትልም። ስታዘገይ «አቆየሁብሽ» ነው የምትለው።

ጓደኛዬ ለአረፋ ከልጆቿ ጋር መጣች። አንድ ቀን እኔ ቤት ውላ ትልቋን ልጇን ደብተሯን አስወጥታ አሳየችኝ፤ ድርሰት ትወዳለች፣ ፊደሏም ያምራል። ስለ ትምህርት፣ ስለ ስፌት ሥራዋ፣ ስለ ጉልበታችን ሕመም ብዙ አወራን። ሳቀችም። ሌላኛዋን ቃል አላነሳችም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። ስትነሳ፣ «ለልጅቷ የሚነበብ መጽሐፍ ካለሽ ላኪላት» አለችኝ። ሁለት መርጬ በሰኞው ሚኒባስ ላክሁላት።